ደህና ነኝ ባዩ ቁስለኛ

ሚስቴ የዱር ወጌሻ ልትሆን ከተመዘገበች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገባ። ሰውየው ረጅም ሆላንዳዊ ነው፤ የሥራ ባልደረባዋ። ደጃችንን ረግጦ አያውቅም፤ ግን እራት ላይ ስሙ ይነሳል፣ ሳህን ሲታጠብም ይነሳል።

ሁለቱም እዚህ ሆላንድ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄዱ ይንከባከባሉ። ከሥራ ቦታቸው የተሰባሰቡ ሰዎች በበጋ ኖርዌይ ሄደው ተራራ ሊወጡ አሰቡ። አምቡላንስ በማይደርስበት ቦታ አንዱ ቢወድቅ ማን ይረዳዋል ሲባል፣ እሷና እሱ እጃቸውን አወጡ። «ተራራ ከአገርሽ ጠግበሽ የመጣሽ ሴት!» አልኳት። ሳቀች እንጂ አልቀረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጀመሪያ እርዳታ አብረው መማር ጀመሩ።

መጀመሪያ ሰሞን እኔ ላይ ትለማመድ ነበር። ኳስ ሳይ ክንዴን በነጠላዋ አንገቴ ላይ ታንጠለጥለዋለች፣ እግሬን በጃንጥላ ደግፋ ታስራለች። እያጉረመረምኩም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ትኩር ብላ ካየችኝ ቆይታለች። ከዚያ ተወችኝ። «አንተ ዝም ብለህ ትጋደማለህ፤ እሱ ግን የሚያመውን በደንብ ይናገራል» አለች። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየዳበሰች እንደምትመረምረው የነገረችኝም ያኔ ነው። ትምህርት ነው አለች። እኔ ቅዳሜን ጠላሁ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ቤተሰብ መጥቶ ለልምምድ ቁስለኛ እንዲሆንላቸው ተጠየቀ። ከሰፈራችን ከኒው ዌስት አውቶቡስ ይዘን ከከተማው ዳር ወዳለው ትልቅ ጫካ ሄድን። ጫካውም ቢሆን ሰው የተከለው ነው፤ አውሮፕላን አናታችን ላይ እየወረደ «ሰው የማይደርስበት ዱር ነው» እንባባላለን። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚስቴ እኔ አጠገብ እንድትንበረከክና እሱ ቆሞ እንዲያይ። ለዚሁ ስል ወፍራሙን ካፖርት ቤት ትቼ በሱፍ ኮቴ ዘንጬ ነበር የሄድኩት።

አሠልጣኟ ግን የራስን ሰው መመርመር አይቻልም ብላ ለየችን። ለሚስቴ አንዲት ወጣት ሴት ደረሰቻት። እኔስ? ለእሱ! እርጥብ ቅጠል ላይ አጋደሙኝ። ከገደል ወድቀሃል፣ ወገብህ ቆስሏል፣ ሲጠይቁህ ተናገር አሉኝ። ተራዬ እስኪደርስ ብርዱ ከመሬቱ ተነሥቶ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ሰውየው መጥቶ አጎነበሰ። ዓይኑ የደግ ሰው ዓይን ነው፤ ይሄ ይብስ አናደደኝ።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የሚያምህ ቦታ አለ?»

«ኧረ ምንም!»

እንዴት ነህ ሲሉኝ ሌላ መልስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ለእሱማ ብሞትም አልናገር። አመነኝ። ብዙም አልተጎዳም ብሎ ወደ ሁለተኛው ቁስለኛው ዞረ።

ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ይሄ ደግሞ የልምምዱ አልነበረም። ሚስቴ ከወዲያ በኩል ቀና ስትል አየችኝ። ወጣቷን ትታ ሮጣ መጣች።

«ደህና ነኝ አለኝ እኮ» አላት ሰውየው።

«እሱ ሁልጊዜ ደህና ነው» አለችው። «አትጠይቀው፤ እጁን ንካው።»

ነካኝና ደነገጠ። እሷ እርጥቡን ኮቴን አውልቃ በራሷ ጃኬት ጠቀለለችኝ፣ ጣቶቼን ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። በሰው ሁሉ ፊት! አሠልጣኟ ቁስለኛሽን ጥለሽ የት ነው ብላ ተቆጣች፤ ሚስቴ ዞራም አላየቻት።

ሰውየው ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ። «ታድለሃል» አለኝ። «እኔ ደህና ነኝ ብል የሚጠራጠረኝ ሰው የለኝም።»

ሻዩን ጠጣሁለት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን እያሸች «አሁንስ?» አለችኝ።

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «ቀንቻለሁ።»

«እሱንማ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ እስክትናገር ስጠብቅህ ነበር።»

«ኖርዌይስ?»

«እሄዳለሁ» አለች፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።