ከመጋዘን የወጣው ሞተር

ዳባት ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የክሊኒኩ በቅሎ ገደል ገብታ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ወደ ገጠር የምወጣው በእግሬ ነበር። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብዬ ግማሽ ቀን ተጉዤ ስደርስ ለቀስተኛው ቀድሞኝ ተሰብስቧል። ሞተር ብስክሌት ባገኝ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት የዚያን ቀን ስመለስ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው መጋዘን ለማዳበሪያ ማስቀመጫ ይጸዳል ተባለና የማይፈለገው ዕቃ ሁሉ ደጅ ወጣ። ከተቀዳደደ ጆንያና ከተሰባበረ ወንበር መሀል አንድ አሮጌ ሞተር ግድግዳ ተደግፎ አየሁ። የጣሊያን ሥሪት ነው፤ በዕድሜ እኔን ሳይበልጠኝ አይቀርም። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ኮርቻውን አይጥ በልቶታል፣ የማስነሻው ፔዳል ተሰብሯል፣ ታርጋም የለው። መጋዘን ጠባቂው ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነበር።

«የማን ነበር?» አልኩት።

«የመንግሥት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እኔ ስመጣ እዚሁ ነበር። መዝገቡ አምስት ዓመት እንደተቀመጠ ይላል፤ የማን እንደነበረ አይልም።»

የጠየቀኝ ዋጋ ከአንድ ሙክት አይበልጥም ነበር። ደስ ብሎት ነው የሰጠኝ፤ ቦታ ይለቀቅለታል።

የክሊኒኩ ሰዎች እኔ ያንን ብረት እየገፋሁ ግቢ ስገባ ሲያዩ ሳቁ። አባቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ እንደነበረው አያውቁም። ወንድ ልጅ አልነበረውምና ቡሎን የማቀብለው፣ ዕቃ በቤንዚን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ነጭ ጋወን ከለበስኩ በኋላም ጣቶቼ ካቻቢቴ አልረሱም።

ከጓሮ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር አቁሜ እፈታታው ጀመር። የቤንዚን ጋኑ፣ ሰልባትዮው፣ ክዳን ስላልነበረው ስገለብጠው ገለባና የአይጥ ጎጆ ወጣ። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ፒስተኑ በዝገት ተጣብቆ አልላወስ አለኝ። ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ ቀላቅዬ አፈሰስኩበትና ተውኩት። ጧት ጧት ሥራ ከመግባቴ በፊት ማርሽ አስገብቼ ወደፊትና ወደኋላ እወዘውዘዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። በስምንተኛው ቀን ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለና ጎማው ዞረ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ይላቀቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ፔዳሉና ማርሚታው ቀሩ። ማርሚታ የምንለው ጭሱ የሚወጣበትን፣ ድምፅ የሚያፍነውን ቱቦ ነው። ሁለቱንም በጆንያ ይዤ ወደ አንድ ብረት ሠሪ ሄድኩ። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች የቤተ እስራኤል መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያገሩ ገበሬ ማረሻና ማጭድ የሚያሠራው ከሳቸው ዘንድ ነው። ልጃቸውን የኩፍኝ ጊዜ አክሜላቸው ስለነበር በደስታ ተቀበሉኝ። ፔዳሉን አይተው «ይህ ቀላል ነው» አሉ። ከዚያ ማርሚታውን ከጆንያው አወጡ። ጎኑ ላይ ቀድሞ የተደፈነ ቦታ አለ፤ ቁራጭ ብረት በአራት ምስማር ተመትቶበታል። ጥቀርሻውን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ሲያዩት እጃቸው ቆመ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከቀበሌ መጋዘን ገዝቼው ነው፣ ጋሼ። ምነው?»

«ምንም።»

ወናፉን ማናፋት ጀመሩ። ፔዳሉን ቀጥቅጠው ጨረሱ። ማርሚታውን ሳይነኩት መለሱልኝ።

«ይህ ድፍን ጠንካራ ነው፤ ይቆያል። ትንሽ ያስነጥሰዋል እንጂ።»

«እንደሚያስነጥስ በምን ዐወቁ? ገና አልተነሣም እኮ።»

እሳቱን መቆስቆስ ያዙ። ገንዘብ ሳወጣ አልቀበልም አሉ። ልሄድ ስነሣ ግን ተከትለውኝ ወጡና «ደባርቅ የሄድሽ እንደሆነ፣ ከተማው ሳትገቢ አጥፊው» አሉኝ። «በቅሎ ያስደነግጣል።»

የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሞተሩ የተነሣው በአንድ የሥራ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ቤንዚኑን በኩፖን አግኝቼ፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና በጥፍር ሞረድ ጠርጌ፣ ሰባት ስምንት ጊዜ ረግጬ፣ ተስፋ ቆርጬ ጋወኔን ልለብስ ስል ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ረገጥኩት። ግቢው በጩኸትና በጭስ ተሞላ። በምርኩዝ እያነከሰ የመጣ ሰውዬ ምርኩዙን ጥሎ አጥር ዘሎ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ድምፁ ሽማግሌው እንዳሉት ነበር፤ ሦስት አራት ጊዜ ዱብ ዱብ ብሎ መሀል ላይ እንደሚያስነጥሰው ሰው ቆም ይልና እንደገና ይቀጥላል።

በሳምንቱ መድኃኒት ላመጣ ወደ ደባርቅ ነዳሁ። የገበያ ቀን ነበር። በዚያ በጠጠር መንገድ ላይ ነፋሱ ነጠላዬን እየገፈፈኝ ስሄድ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ያሉኝን ረስቼ ሞተሩን ሳላጠፋ ከተማው ገባሁ። ገበያተኛው በየጥጉ እየሸሸ ያየኛል፤ ሴት ሞተር ስትነዳ አይቶ አያውቅም። ከገበያው ከፍ ብሎ ካለ አንድ ቤት ደጃፍ ሰሌን ላይ ብቅል የሚያሰጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ድምፁን ሲሰሙ ቀና ሳይሉ እጃቸው ብቅሉ ላይ ደረቀ። ከዚያ ተነሥተው፣ ሰሌኑን ረግጠው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው መሀል መንገድ ገቡ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ያዝኩ። ጎማው ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እኔን አላዩኝም። የሚያዩት ከኋላዬ ነበር።

«የታለ?» አሉ።

«ማን፣ እማማ?»

«ልጄ ነዋ። ሞተሩን የሰጠሽ። እሱ በየት በኩል ገባ? በዛሪማ ነው የመጣው?»

«ማንም አልሰጠኝ፣ እማማ። ዳባት ከቀበሌ መጋዘን ነው የገዛሁት።»

ዝቅ ብለው ማርሚታው ላይ ያለውን ድፍን በጣታቸው ነኩት። ትኩስ ነበር፤ ሲያቃጥላቸው እንኳ የተሰማቸው አይመስሉም።

«መጋዘን መች ገባ?»

ያን ጊዜ ምን እየተናገርኩ እንደሆነ ዐውቄ ቢሆን ምላሴን በቆረጥኩት።

«ቆይቷል። አምስት ዓመት አለፈው አሉኝ።»

ቀና አሉ። ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቷል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጆሮዬ ሊነግሩኝ እንደፈለጉ ሁሉ ጠጋ ብለው፣ «ሱዳን ገብቷል ነው ያሉኝ» አሉ። «ሞተሩን ይዞ በዛሪማ ቁልቁል ወርዶ ሱዳን ገብቷል ብለው ነው የነገሩኝ።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ልጁ በሞተሩ ሸሽቷል ካሉ፣ ሞተሩ ሸሽቶ አልሄደም። ሞተሩ አምስት ዓመት ዳባት ተቆልፎበት ኖሯል። እንግዲህ ልጁ የትም አልደረሰም።  በኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አዘጋጅቶ ነው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሀል፣ እየሳቅሁ ነው ይዤው የመጣሁት።

ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ግራ ቀኝ አዩ። በዚያ ዘመን መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ራሱ ያስይዝ ነበር። ለሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግቢ ልጄ፣ ውኃ ጠጪ፤ ደንግጠሻል» አሉኝ።

ቤት ስንገባ መደብ ላይ ተቀመጡ። እንባ የለም። ልጃቸው እዚያው ደባርቅ አስተማሪ እንደነበረ፣ አንድ ጧት ዳባት ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ እንደወጣ ነገሩኝ። ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። አፉ በጨርቅና በሰም ታትሟል።

«ቤንዚን ነው» አሉ። «የተረፈውን ትቶት ነው የሄደው። የመጣ ዕለት እንዳይቸገር ብዬ ነው ያኖርኩት።»

 የመጣሁበትን መድኃኒት ትቼ ወጣሁ። ሞተሩን ለማስነሣት ድፍረት አልነበረኝም፤ ከተማውን እስክወጣ በእጄ ገፋሁት። ገበያተኛው ተበላሸባት ብሎ ይስቃል።

ስመለስ በቀጥታ ብረት ሠሪው ቤት ሄድኩ። ገና ሲያዩኝ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

«አዎ። ያንን ድፍን የመታሁለት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ወታደሮች ሞተሩን መኪና ላይ ጭነውት በዚህ ሲያልፉ አይቻለሁ። እሱን አላየሁትም። ያላየሁትን ሞተ ብዬ እንዴት ልናገር? ለናቱ ያልነገርኩትን ላንቺ እንዴት ልንገር?» መዶሻቸውን መልሰው አነሡና «ከዚያ ወዲህ ደባርቅ ገበያ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ማረሻዬን ሌላ ሰው ነው የሚሸጥልኝ። ፊቷን ማየት አልችልም።»

ሞተሩን ሁለት ሳምንት ጓሮ አቁሜ በሸራ ሸፈንኩት። በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ተበላሽቷል እላለሁ።

አንድ ጧት ከበሽተኞቹ ወረፋ መሀል፣ ካርድ ይዘው፣ አሮጊቷ ተቀምጠው አየኋቸው።  ተራቸው ደርሶ ሲገቡ በሩን ዘጋሁ። ወገቤን አመመኝ አሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው ጉዳያቸውን ነገሩኝ።

«ከቡይት ራስ ወዲያ አንድ ደብር አለ። እዚያ የማያውቁኝ ቄስ አሉ። ፍትሐት ይፍቱለት ብዬ ነው። በሞተሩ ውሰጂኝ።»

«በበቅሎ አይሻልም፣ እማማ? ይከብድዎታል።»

«በበቅሎ ብሄድ ሰው የት ትሄጃለሽ ይለኛል። ባንቺ ሞተር ብሄድ ሐኪም ዘንድ የተወሰድኩ ይመስላል።» ቀጠሉ፦ «እሱም ልውሰድሽ እያለ ለምኖኝ ነበር። እወድቃለሁ ብዬ እንቢ አልኩት።»

በማግስቱ ሄድን። ያን የጠርሙስ ቤንዚን ይዘው መጥተዋል። አምስት ዓመት የቆየ ቤንዚን ሞተር እንደሚያንቀው አባቴ አስተምሮኛል፤ እምቢ ማለት ግን ከኔ አቅም በላይ ነበር። ከራሴ ቤንዚን ጋር ቀላቅዬ ሞላሁት። ወገቤን አንቀው ይዘው፣ ግንባራቸውን ጀርባዬ ላይ ደግፈው፣ አቀበቱን ሁሉ ወጣን። ሞተሩ ባነጠሰ ቁጥር ክንዳቸው ሲጠብቅ ይሰማኛል።

ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሞተሩን ጥድ ሥር አቁሜ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

«መሞቱን ማን ነገረሽ?» አሏቸው።

«ማንም አልነገረኝም፣ አባቴ። ሞተሩ መጣ።»

«አስከሬኑን ያየ አለ?»

«የለም።»

ቄሱ ከጥዱ ሥር የቆመውን ሞተር ብዙ ጊዜ አዩት። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

አሮጊቷ ያለቀሱት ጸሎቱ ሲያልቅ ነው። እኔ ሦስት ቀን ያማጡ ሴቶች ሲጮኹ ሰምቻለሁ፤ ልጆቻቸው በእጄ ላይ የሞቱባቸው እናቶች ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከዚያች ደቃቃ አሮጊት ይወጣል ብዬ ማመን አልቻልኩም። እንዳይወድቁ ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ ቄሱ በምልክት ከለከሉኝ፤ «ተያት» አሉ። ቆሜ አየሁ። ሲደክማቸው ከምንጭ ውኃ ቀድቼ ፊታቸውን አጠብኩላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ከተማ ስንገባ ከሐኪም ቤት የተመለሱ በሽተኛ ይመስሉ ነበር።

ጥቁር ለበሱ። ለምን ለበስሽ ብሎ የጠየቃቸው የቀበሌ ሰው ነበር፤ ዛሪማ የምትኖር እህቴ ሞታብኝ ነው አሉት። እህት አልነበራቸውም። እኔም ሞተሩን እንደገና መንዳት ጀመርኩ። በምጥ የተያዘች ሴት አለች ሲሉኝ ሰው ሳያለቅስ የደረስኩበት ቀን በዛ።

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ሞተሩን ለተተኪዬ ለመተው ወሰንኩ። ደስ የሚል፣ ተጫዋች ወጣት ነበር። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እየተወዛወዘ፣ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚነሣ፣ የቱ ማርሽ እንደሚያስቸግር ጠየቀኝ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዚያ የማን እንደነበረ ነገርኩት፤ ደባርቅ የእናቱ ቤት የቱ እንደሆነም ነገርኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ከኮርቻው ቀስ ብሎ ወረደ።