አራት ጣት የላላ ገመድ

ኦቦ ገመቹ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የለበስኩት ቱታ በካውያ የተተኮሰ ነበር። ከሰበታ ተነስቼ በሁለት ታክሲ ቡራዩ ደረስኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ኦቦ ገመቹ ከአንድ አሮጌ መኪና ኮፈን ስር ቀና አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ሥራ ፈልገህ ነው ወይስ ሠርግ ተጠርተህ?" አሉኝ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወረቀቴን አወጣሁ። ወረቀቱን ሳያዩ አንድ ካርቶን ሙሉ የተወሳሰበ የመኪና ኤሌክትሪክ ገመድ ሰጡኝና "ፍታ" አሉኝ።

እስከ ምሳ ሰዓት ስፈታ ቆየሁ። በቀለም ለየሁት፣ በርዝመት አሰለፍኩት፣ ጫፍ ጫፉን በናስትሮ አሰርኩት። ኦቦ ገመቹ ሲያዩት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ ውስጥ ስሜ "ልብስ ሰፊው" ሆኖ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር በስሙ ኮርቼበት ነበር። እንዲያውም የእሳቸው ሥራ ለዓይኔ አይሞላም ነበር። የሞተር ገመድ ሲዘረጉ አንድ ቦታ ላይ ቀለበት ሠርተው እንዲሁ አንጠልጥለው ይተዉታል። አርጅተዋል፣ እጃቸው ሰንፏል ብዬ ደመደምኩ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም ሙያ በልብ ነው ብለው ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመቴ አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። በየማለዳው ከአሥራ አንድ ቤት ወተት ሰብስበው ከተማ ለሚረከባቸው ካፌ የሚያደርሱ ሴት ናቸው። የሞተሩ ገመድ በጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ስለሚያልፍ ሽፋኑ ቀልጦ ነበር። ኦቦ ገመቹ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ፤ "ከሙቀቱ አርቀህ በሌላ በኩል አዙረው" ብቻ አሉኝ።

አዞርኩት። የተቃጠለውን ቀየርኩ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቀለልኩ፣ በአጭሩ መንገድ ወስጄ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከቦዲው ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። አዴ ጫልቱ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ "ውይ፣ የሙሽራ ሹሩባ አስመሰልክልኝ" አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህች ቃል ተደስቼ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ደወሉ። መኪናዋ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ድንገት ጠፋች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ጋራዥ ሲያመጧት ደህና ናት። ባትሪውን ለካሁ፣ ፊውዞቹን አየሁ፣ ካንዴላዎቹን ቀየርኩ። ሸኘኋቸው፤ በሳምንቱ ዳገቱ ላይ እንደገና ቆመች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ያን ጊዜ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። "አዴ፣ ምናልባት ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለሚለቁት ይሆን?" አልኳቸው።

ቀስ ብለው አዩኝ። "ሃያ ዓመት ነድቻታለሁ። አንተ ሹሩባ ከመሥራትህ በፊት አንድ ቀን አቁማኝ አታውቅም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ወተቱ ሁለት ጊዜ ኮምጥጦ ስለደረሰበት፣ ካፌው አንድ ጊዜ ከደገመ ሌላ ሰው እይዛለሁ ብሏቸዋል። "የእኔስ ይቅር። ለአሥራ አንዱ ቤት ምን እላለሁ? ማሎ፣ እባክህ ልጄ።"

የያዝኩትን ፒንሳ አስቀመጥኩ። የኮራሁበትን ነገር ሁሉ ትቼ ወደ ኦቦ ገመቹ ሄድኩ። መኪናዋን ለማየት እንኳ አልተነሱም።

"ስትፈትሻት ባዶዋን ነበር?"

"አዎ።"

"ጫልቱስ ባዶዋን ነው የምትነዳት?"

"የለም፣ ወተት ጭነው ነው" አልኩ። "ነገ ጠዋት ሱሉልታ ሂድና ከወተቱ ጋር ዳገቱን ውጣ" አሉኝ።

በማግስቱ "አካም ቡልተን" ብዬ እንዴት አደሩ ካልኩ በኋላ ከአዴ ጫልቱ ጎን ተቀመጥኩ፤ ከኋላችን ወተት የሞሉ ቢዶኖች ተደርድረዋል። ዳገቱን አጋምሰን በሁለተኛ ማርሽ ስንጎተት ሞተሩ ድርግም አለ። "ይኸው" አሉ። በሥራ ዘመኔ መኪና ስትቆም ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎማዎቹ ስር ድንጋይ ታኮ አደረግሁና ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ጎን ቆምኩ። "ያስነሷት። ፍሬኑን እንደረገጡ አንደኛ ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁት" አልኳቸው። ሞተሩ ጭነቱን ሲሸከም ወደ አንድ ጎን ተነስቶ ተጋደመ። ያ የኮራሁበት ገመድ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ ጫፉ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ሸርተት አለና ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ገመዱም ላልቶ ጫፉ መልሶ ነካ። ጋራዥ ውስጥ ምንም ያልታየኝ ለዚህ ነው፤ ባዶ መኪና ቆማ ስትሠራ ሞተሯ ይህን ያህል አይጋደምም።

ሦስቱን ማሰሪያ በጠስኩ። ከዳሽቦርዱ በኩል የተረፈውን ገመድ ሳብኩ፣ ጫፉን በፒንሳ አጥብቄ መለስኩ፣ በሞተሩና በቦዲው መካከል አራት ጣት የሚያህል ላላ አድርጌ ተውኩ። ቀና ብዬ ሳየው ልክ የኦቦ ገመቹን ሥራ መሰለ። ብቻዬን ሳቅሁ።

"አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በፍሪሲዮኑ ስላማሁዎት ይቅር ይበሉኝ።"

"እኔ ይቅር ብያለሁ። ወተቱ ግን ገና አላለም፤ ግባ።"

ዳገቱን ሳንቆም ወጣን። ካፌው በር ላይ ተረካቢው አንዱን ቢዶን ከፍቶ አሸተተ፣ በማንኪያ ቀመሰ፣ "አስገቢው" አለ። አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ የሥራ ቀን አላስታውስም።

ለኦቦ ገመቹ የተላከ አንድ ጣሳ ወተት ይዤ ቡራዩ ተመለስኩ። "ስለ ገመዱ ቀለበት ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ወተታቸውን ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉ። "መቼ ጠየቅከኝ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ አንተ ጠምጥመህ መጣህ" አሉኝ።

ዛሬ ሰበታ የራሴ ጋራዥ አለኝ። አዴ ጫልቱ በዚያችው ፒክአፕ አሁንም ወተት ያደርሳሉ። አብረውኝ የሚሠሩት ባለሙያዎች ገመድ አዙረው ሲጨርሱ አራት ጣቴን ከገመዱ ስር አስገብቼ አያለሁ። ካልገባ ይፈታል። ከገባ፣ መኪናዋን ጭነን ዳገት እንወጣለን።