ከእስር ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

የተያዝኩት የአጎቴን ሙሉ ልብስ ከላውንደሪ አውጥቼ ስመለስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሾላ ገበያ አጠገብ ታክሲ እየጠበቅኩ ሳለ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኜ ቆሙና አንደኛው በስሜ ጠራኝ። ድምፁ ትሕትና ስለነበረው የቀድሞ ተማሪዬ መስሎኝ ፈገግ ብዬ «አቤት» አልኩት። ተማሪዬ አልነበረም።

የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ስናገር ግማሹ ሰው እያንቀላፋ ስለነበር ንግግሬ ያን ያህል ጆሮ ያገኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

የካ ተዳፋቱ ላይ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክር እና ስልኬን ተቀበሉኝ። ተረኛው ፖሊስ በላስቲክ የተሸፈነውን ሙሉ ልብስ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄስ?»

«የአጎቴ ነው። እሑድ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድበት።»

ትንሽ አሰበና የሽቦ ማንጠልጠያውን አውጥቶ ልብሱን መለሰልኝ። ሽቦ ክልክል ነው፣ ኮት ግን በደንቡ ላይ አልተጠቀሰም መሰለኝ።

ስለዚህ ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት ተተኩሶ የተሰጠኝን ልብስ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው። እርጥብ ብርድ ልብስና የብርቱካን ልጣጭ ይሸት ነበር። ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ ፍራሾች፣ ጥግ ላይ አንድ ጀሪካን፣ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ መስኮት፤ በመስኮቷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። አንዱ «ሙሽራ ገባ» አለና ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ።

ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወፍራም፣ ሽበታም፣ የተሰበረውን የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ ሽማግሌ።

«በሩ ላይ አትገተር፤ ብርሃን ከለከልከን» አለኝ። ቀጥሎ ከፍራሹ ተነሣና በእግሩ ወደ እኔ ገፋው። «ውሰደው። ጀርባዬን ነው የሚያመኝ፣ መሬቱ ይሻለኛል።»

ውሸቱን ነበር። መሬቱ ለማንም አይሻልም።

ጠበቃ ነው አሉኝ። አንድ ደንበኛውን ሊያይ መጥቶ አላሳይ ሲሉት «ሳላየው አልሄድም» አለ፤ «እንግዲያው አትሂድ» አሉት። እንዲህ ነው የገባው። ደንበኛው በማግስቱ ተፈታ፣ እሱ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ግን ሥራ አልፈታም። ችሎት የሚቀርበውን ሁሉ ከፊቱ አቁሞ ያለማምደዋል። «ትከሻህን አቅና። ሳትጠየቅ አትመልስ። "ይመስለኛል" የምትለዋን ቃል እዚሁ ጥለሃት ውጣ።» የተሳሳተውን ይሰድባል፣ ከሰደበው በኋላ ደግሞ ከራሱ ስንቅ የተሻለችውን ጉርሻ ያጎርሰዋል። ሁላችንም ስድቡን መናፈቅ ጀመርን።

ዓርብ ዕለት ስለ ኮቱ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ እሑድ አጎቴ ከዘመድ ሁለት ሰው ይዞ የምወዳትን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቅልኝ ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አባቷ ብቻውን ነው ያሳደጋት፣ ያለ እሱ ምርቃት እንደማታገባ ገና በትውውቃችን ነግራኛለች።

«አባቷ ማን ይባላል?»

ስሙን ነገርኩት። ጡረታ የወጣ ዐቃቤ ሕግ መሆኑንም ጨመርኩ፣ መጨመሩ አላስፈለገም ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ያን ቀን ማንንም አልሰደበም።

የክፍላችን ካቦ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ ሾላ ላይ በርበሬ የሚነግድ ሰው ነበር። ድሮ ይህ ጠበቃ ችሎት ቆሞለት ያውቃል። ወደ ጀሪካኑ ጥግ ወስዶኝ በሹክሹክታ አስረዳኝ።

«አንድ ልጅ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ እያለ አሰሩት። ዐቃቤ ሕጉ ያ የሙሽሪትህ አባት ነው። የምርመራ ጊዜ ይጨመርልኝ አለ፣ አባትየው ተቃወመ፣ ዳኛው ጨመረለት። ልጁ እዛው ታመመ። ወጣ፣ ግን ብዙም አልቆየ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሄ ሰውዬ ለእስረኛ በነፃ መቆም ጀመረ። ያ ዐቃቤ ሕግ ያለበት ችሎት ከሆነ ደግሞ ሳይጠሩትም ይመጣል። አንዴ ሲያሸንፈው አንዴ ሲሸነፍለት፣ ጡረታ እስኪወጣ አለቀቀውም። አንድ ክፍል ነው የተማሩት፣ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ፍራሹ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ የሰው ፍራሽ መሆኑ ቆረቆረኝ። ከታሰርኩበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ እሷ ስንቅ ይዛ መጣች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። በመካከላችን አንድ ገመድ ተወጥሯል፣ ፖሊሱ አጠገባችን ቆሟል።

«አጎትህ ስልክ አያነሳም። ደብረ ብርሃን ሄዷል አሉ» አለችኝ። አጎቴ ደግ ሰው ነው፣ ግን ፖሊስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ከተማ ይለቃል። «አባዬ ደግሞ ከእስር ቤት የተላከ ሽማግሌ በሬን አይረግጥም ብሏል።»

«እና ምን አልሽው?»

«የአንተን እምቢታ እኔ አላደርስም፣ ሄደህ ራስህ ንገረው አልኩት። ነገ ስንቁን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።» ወዲያው ኮስተር አለች። «ፍርፍሩን ብላው፣ እንዳትመልሰው።»

ወደ ክፍሉ ገብቼ ለካቦው ነገርኩት። ነገ በገመዱ ማዶ ቆሞ «እምቢ» ሊለኝ ነው፣ እሷም ያለ ምርቃቱ አትመጣም። ካቦው ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«ያ ኮት የታለ?»

ጠበቃው ተነሥቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይተዉት፣ ለእኔ ብለው…»

«ለአንተ ማን አለህ? ኮቱን አምጣ ነው ያልኩት።»

ለበሰው። አጎቴ ቀጭን ሰው ነው፤ እጅጌው ከአንጓው በላይ ቀረ፣ ቁልፉም አልደረሰም። ሽማግሌ ሦስት መሆን ስላለበት ካቦውን መረጠ፣ ሦስተኛ አንድ ወንጌላዊ ጨመረ። ወንጌላዊው መጀመሪያ ልጸልይ ሲል «አጭር ይሁን፣ እግዚአብሔር ጉዳዩን ያውቀዋል» አለው። የቀረውን ቀን ተለማመዱ። ማን ይቀድማል፣ ማን በስተቀኝ ይቆማል፣ «ልጅህን ለልጃችን» የምትለዋን ማን ይላታል። ዐቃቤ ሕጉን ሆኖ የተወነው አንድ ሹፌር ነበር፤ በጣም ስለጨከነ ካቦው ሊማታ ደረሰ። የእስረኛው ሳቅ ተረኛውን ፖሊስ አስመጣው።

እሑድ ስሜ ሲጠራ አንድ ያልታሰበ ነገር ገጠመን። ጠያቂ የመጣው ለእኔ ነው፣ በደንቡ የሚወጣው እኔ ብቻ ነኝ። በወጉ ደግሞ ሽማግሌ ሲናገር ልጁ እዚያ መገኘት ነውር ነው። ጠበቃው በሩ ላይ ቆሞ ፖሊሱን ያዘው።

«እሱ አይወጣም። እኛ እንወጣለን።»

«አንድ ለአንድ ነው አባባ፣ ያውቁታል።»

«ሽምግልና ነው።»

ፖሊሱ ኮቱን አየ። ሐሙስ ሽቦውን ያወጣው እሱው ነበር። «ለሽምግልና ከሆነማ…» አለና ግቢውን ግራና ቀኝ ቃኝቶ በሩን ከፈተ። ሦስቱን አሳልፎ በሩን በደንብ ሳይዘጋው ሄደ። ረስቶ ነው ብዬ አላምንም። እኔ በስንጥቁ ዓይኔን ተከልኩ፣ ሌላው ሁሉ ከኋላዬ ተደራረበ።

አባቷ ረጅም ሰው ነው፣ ከረባት አስሯል። ምሳ ዕቃውን ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። በደንቡ ስንቅ ያመጣ ሰው ፖሊስ ፊት መቅመስ አለበት።

«ይቅመሱ አባባ።»

«የገዛ ልጄ የሠራችውን?»

«ደንብ ነው።»

ስንቱን ሰው ወደዚህ ቤት ያስላከ ሰው ጎንበስ ብሎ የቋንጣ ፍርፍር ቀመሰ። ቀና ሲል ገመዱን ተጠግተው የተሰለፉትን ሦስት ሰዎች አየ። አፉ ውስጥ ያለውን እስኪውጥ ጊዜ ወሰደበት።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ያን የማይሆንህን ኮት ለብሰህ?»

«ኮቱ የሰው ነው፣ ጉዳዩ የእኔ ነው» አለ ጠበቃው። ከዚያ ትከሻውን አቀና፣ እኛን እንደሚያለማምደን። «ቆመን የምንነግርህ ጉዳይ አለን። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ።»

ካቦው ዞር ብሎ አየው። የተለማመዱት «ለልጃችን» ነበር። እኔ በሩን ያዝኩ።

አባቷ ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። በኋላ ወደ ፖሊሱ ዞረ።

«ወንበር የለም እዚህ?»

«ለእስረኛ?»

«ለሽማግሌዎቼ።»

ፖሊሱ ራሱ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌ ተቀመጥ የሚባለው ጉዳዩ ሊሰማለት ሲሆን ነው፤ ይህን እኛም ፖሊሱም እናውቃለን። ጠበቃው ግን ቶሎ አልተቀመጠም።

«እንግዲህ» አለ አባቷ፣ «በወጉ ዘመድ ላማክር፣ ሁለት ሳምንት ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ።»

«ቀጠሮውን እቃወማለሁ።»

አባቷ ከረባቱ ላይ እጁን አሳርፎ ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ከት ያለ። ፖሊሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ያን ጊዜም ተቃውመህ ነበር» አለ።

«ተቃውሜ ነበር።»

«ልክ ነበርክ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩህም።» አግዳሚውን በእጁ ጠረገለት። «ተቀመጥ። ሰጥቻለሁ።»

ጠበቃው ተቀመጠ። ቁጭ ሲል የአጎቴ ኮት ጀርባው ላይ ተተረተረ፣ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ማንም አልሳቀም። ወዲያው ደግሞ ካቦው ወደ በሩ ዞሮ «ሰጥቷል» አለ፣ እኛም አበድን። ሹፌሩ አቅፎ አነሣኝ። ጩኸታችንን የሰሙት በግድግዳው ማዶ ያሉት ሴት እስረኞች ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እልል አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ እልልታ የሚያምር ነገር አልሰማሁም፣ በሠርጌም ቀን ጭምር።

ውጭ ጠበቃውና አባቷ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ገመዱ በመካከላቸው እንዳለ፣ ፍርፍሩን ከአንድ ምሳ ዕቃ በሉ። ስለ ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም። የጥየቃው ሰዓት ሲያልቅ ፖሊሱ ሰዓቱን አየና ሌላ አቅጣጫ ተመለከተ። ጠበቃው ሲመለስ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ የተተረተረውን ወደ ታች አድርጎ በጥንቃቄ አጠፈና ሰጠኝ።

«አጎትህን ይቅርታ በልልኝ። ቀጭን ናቸው።»

እጁን ልስም ጎንበስ ስል «በሩ ላይ አትገተር ብዬሃለሁ» አለኝ።

እሱ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። ከተፈታ በኋላ ችሎት ቆመልኝ፤ ከኋላው ካሉት መቀመጫዎች አንዱ ላይ አማቴ ከረባቱን አስሮ ተቀምጦ ነበር። ክስ ሳይመሠረትብኝ ወጣሁ። በሠርጋችን በአባቴ ቦታ የተቀመጠው ጠበቃው ነው፣ አጎቴም ኮቱን አሰፍቶ መጥቶ ነበር።

አሁን ቀበና ነው የምንኖረው። ጠበቃውና አማቴ እሑድ እሑድ በማለዳ እንጦጦ ይወጣሉ። ዳገቱን ሲወጡ ያረጁ መዝገቦችን እያነሡ ይከራከራሉ፣ ሲወርዱ ይኮራረፋሉ፣ ምሳ ሰዓት እኛ ቤት ይደርሳሉ። ጠበቃው በር ላይ ይቆማል። አማቴ «ተቀመጥ» ካላለው በስተቀር አይቀመጥም፣ ቤቱ ደግሞ የእኔ ነው። ስለዚያ ክፍል ሰዎች ሲጠይቁኝ ስለ ጀሪካኑና ስለ መሬቱ ቅዝቃዜ መናገር እንደሚገባኝ ይገባኛል፣ እውነት ነውና። ግን አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ እልልታው ነው።

ባለፈው እሑድ ማዕድ ላይ ሳለን የቆየ ጥያቄዬን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ልምምዱ ላይ "ለልጃችን" ነበር የተባለው። እርስዎ "ለልጄ" አሉ። ተሳስተው ነው?»

አማቴ መብላቱን አቆመ። ጠበቃው በአዲሱ መነጽሩ ላይ አሻግሮ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፣ ከዚያ ከሳህኑ የተሻለችውን ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ።

«ጠበቃ የሚጠይቀውን ያውቃል» አለኝ። «ጉረስ።»

ጎረስኩ።