የወይራው ማማሰያ

ማኔዎ ጥቁር ልብሷን የምታወልቅበት ቀን ተቃርቧል። በዚያ ቀን የባሏ ዘመዶች የሟቹን የሌቡሳን ልብስ ይከፋፈላሉ። ኮቱም፣ ብርድ ልብሱም፣ ወደ ወርቅ ማውጫው ጉድጓድ ሲወርድ ያደርገው የነበረው ቦት ጫማም ለወንድሞቹና ለእህቶቹ ልጆች ነው። በዚህ ቅር አላላትም፤ ወጉ ነው። ለሷ የሚቀርላት አንድ ነገር ነበር፣ በእጁ የጠረበላት የወይራ ማማሰያ። የሴት ዕቃ ስለሆነ ማንም አይጠይቃትም።

ቁመቱ እስከ ደረቷ ይደርሳል። የማሽላው ጠላ ድፍድፍ ሲወፍር ሌላው እንጨት ይለምጣል ወይም ይሰበራል፤ ይሄኛው ግን እስከ ድስቱ ሥር ወርዶ ይገለብጠዋል። የመንደሩ ሹም ሚስት ማሞሃው ይህን ስለምታውቅ ልትዋሰው መጣች።

«ለአንድ ድፍድፍ ብቻ ነው። የኔማ አንዱ ይከብደኛል፣ ሌሎቹ እንደኔው አርጅተው ወገባቸውን ያማቸዋል።»

«እማማ፣ ሰኞ የኔም ድፍድፍ ይበስላል።»

«እሑድ ደጅሽ ላይ ታገኚዋለሽ።»

ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወንዝ ማዶ ሴቶች ተደብቀው መጡና ማማሰያውን ከሹሙ ግቢ ነጥቀው ሮጡ። ድርቅ ሲጠና እንዲህ ይደረጋል። የተነጠቁት ያሳድዳሉ፣ ነጣቂዎቹ እየተቀባበሉ ይሸሻሉ፣ ሰማይም አይቶ ይራራል። መንደሩ በሳቅና በእልልታ ተሞላ።

ማኔዎ ከደጇ ሆና አየችው፤ የራሷ ነው። ሐዘንተኛ ግን አይሮጥም፣ ጨዋታም አይገባም። እግሯ ተነሣ፤ መልሳ ተከለችው።

«በስተግራ፣ በስተግራ ዙሪባት» ብላ ለጎረቤቷ ጮኸች።

ከማዶዎቹ አንዷ እየሮጠች ዘወር አለችና «አንቺ ባለጥቁሯ፣ በአፍሽም መሮጥ ክልክል ነው» አለቻት።

ወንዙ ዳር አራት ሴቶች ሲጓተቱት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ከሰዓት በኋላ ማሞሃው ሁለቱን ስባሪ በብርድ ልብሷ ጠቅልላ፣ የራሷን ሦስት ማማሰያዎች ተሸክማ መጣች።

«ምረጪ ልጄ። የፈለግሽውን ውሰጂ። በምን አፌ ላናግርሽ።»

ማኔዎ አላለቀሰችም። ሌቡሳ እንዳሳያት አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። የመጀመሪያው የጥድ ሽታ አለው፤ ጠላውን ያበላሻል። ሁለተኛውን በጉልበቷ ስትጫነው ተንጣጣ። ሦስተኛው የኮክ እንጨት ነው፣ ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ።

«ወደድሽው?»

«ይከብዳል፣ እማማ። ድፍድፉ የሚፈልገው ከባድ ነው።»

እሑድ ዝናቡ ወረደ። ሴቶቹ ዘፈኑ። ሰኞም አላቆመም፤ ደጅ የተከመረው ኩበት ራሰ፣ የጎረቤቱም እንዲሁ። ድፍድፉ ኮምጥጧል፤ ዛሬ ካልበሰለ ይጣላል፣ እንግዶቹም መንገድ ጀምረዋል። ማኔዎ ቤቱን ዞር ብላ ቃኘች። ደረቅ እንጨት ያለው ሁለቱን ስባሪ ካስቀመጠችበት ከአልጋው ራስጌ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እሱን አታንድጂው» አለች ልጇ ኔዎ።

«ሌላ ደረቅ ነገር ካለ አምጪልኝ።»

ልጅቷ ጓዳውን አሰሰች፣ አልጋ ሥር ገባች፣ ባዶ እጇን ወጣች።

የወይራው ስባሪ ቀስ ብሎ ተያያዘ፣ እርጥቡንም ኩበት አቀጣጠለው። ማኔዎ ፊቷን ከእሳቱ አዙራ፣ በከባዱ የኮክ እንጨት ድፍድፉ እስኪንተከተክ አማሰለች።

በቀኑ ጥቁሩን ልብስ አወለቁላት። ጠላው ተመሰገነ። የሌቡሳ አጎት ልብሱን አከፋፍለው ሲጨርሱ ወደሷ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ከሱ ዕቃ የቀረ አለ?»

«የለም፣ አባባ። አልቋል።»