አዲስ ሞተርና የጎረቤት ሙሽራ

አዲሷን መኪናዬን ከሻጩ ግቢ ይዤ ስወጣ ደስታዬ የቆየው የመጀመሪያው አደባባይ ድረስ ብቻ ነው። እዚያ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጠው አባቴ እጁን ዘርግቶ ሬዲዮኑን አጠፋና፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ድረስ ሙዚቃ የሚባል ነገር እንደማይኖር ነገረኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ሞተሩን መስማት አለብን አለኝ።

አባቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሐዋሳ የቀረውም በሞያሌ መንገድ ሲመላለስ እናቴን እዚህ ስላገኛት ነው። እኔ መሀል ከተማ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ያኔ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስለዚህ ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። አዲስ ሞተር ብረቱ ከብረቱ ጋር ገና አልተላመደም፤ ሳይለማመድ ካስጨነቁት ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲጠጣ ይኖራል ብሎ ጀመረ። ከስልሳ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። በአንድ ፍጥነትም ብዙ አይኬድም፤ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ሰው አይጫንም። ጠዋት አስነስቶ ወዲያው ረግጦ መሄድም የለም።

ልከራከረው አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ለሰው «ቢሻልዎትም መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ ሰባቱን ቀን ይጨርሱ» ስል የምውል ሴት፣ በየትኛው አፌ ነው በሦስተኛው ቀን በቃኝ የምለው?

በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ማለማመዱን ተያያዝነው። በጉዱማሌ በኩል እናልፋለን፣ ሐይቁን ተከትለን እንዞራለን፣ እንመለሳለን። ባጃጅ ቀደመን። ብስክሌት ቀደመን። አንድ ቀን ሣር የጫነ የፈረስ ጋሪ ቀደመንና ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ በአዘኔታ አየኝ። አባቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ዳሽቦርዱ አስጠግቶ «ጨምሪ»፣ «ልቀቂ» ይላል። ሰፈር ውስጥ ልጅቷ መንጃ ፈቃዷን ያገኘችው በዘመድ ነው የሚል ወሬ መነዛቱን ከእናቴ ሰማሁ። እናቴ ራሷ ወሬውን ለማስተባበል ብዙም የተጨነቀች አትመስልም ነበር።

ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለን ጎረቤታችን መጡ። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ፣ ለእናቴ እንደ እህት የሆኑ ሲዳማ ሴት ናቸው። ልጃቸው በነጋታው ልታገባ ነው፤ ሙሽራው ከሐዋሳ ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ልጅ ስለሆነ ጋብቻው የሚፈጸመው እዚያው ቱላ ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለሙሽሮቹ የተያዘው መኪና ግን በዋዜማው ተበላሽቷል። የእናንተዋ ትምጣልን አሉ።

አባቴ ተጨነቀ። ጎረቤትን እምቢ ማለት አይሆንለትም፣ ሞተሩን ማስጨነቅም አይሆንለትም። አገጩን ሲያሻሽ ቆይቶ እሺ አለ፤ ግን የምነዳው እኔ ነኝ፣ እሱ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው፣ ከኋላም ከሁለት ሰው በላይ አይሳፈርም። ጎረቤታችን ከደስታቸው ብዛት ምኑንም ሳያጣሩ መርቀውን ሄዱ።

በማግስቱ መኪናዋ በአበባና በሪባን አሸበረቀች። አንደኛው ሚዜ የፊቱን በር ሲከፍት አባቴን አገኘው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል። ሚዜው በትሕትና ቦታው የሚዜ መሆኑን አስረዳ። አባቴም በትሕትና የክብደቱን ነገር አስረዳ። በመጨረሻ ሚዜው ያን የመሰለ ሱፍ እንደለበሰ ከቪዲዮ ቀራጩ ጋር ፒካፕ ላይ ተጫነ።

ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት የወጣችው እያለቀሰች ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ከገባችም በኋላ ማልቀሷን አላቆመችም። ሙሽራው መሀረቡን ሰጥቷት አጠገቧ ተቀምጧል።

ከተማ ውስጥ ማንም አልታዘበንም፤ የሰርግ መኪና መቼም በዝግታ ነው የሚሄደው። ጉዱ የመጣው የቱላን አስፋልት ስንይዝ ነው። አባቴ ሥራውን ጀመረ። «ጨምሪ» ሲለኝ ሃምሳ አምስት እገባለሁ፣ «ልቀቂ» ሲለኝ ወደ ሠላሳ አምስት እወርዳለሁ። ከኋላችን ያሉት አሥራ አራት መኪኖች አብረውን ይፈጥናሉ፣ አብረውን ፍሬን ይይዛሉ። ነጂዎቹ የተጠና ነገር ስለመሰላቸው ጥሩንባቸውን ከአነዳዴ ጋር አስማሙት፤ ስንፈጥን ረጅም፣ ስንቀዘቅዝ አጫጭር ይነፋሉ። ፒካፑ ደግሞ ቀድሞ ሄዶ ሄዶ ብቻውን መቅረቱን ሲያውቅ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል፤ ሚዜው ከላይ ሆኖ በጣቱ የእጅ ሰዓቱን ያሳየናል።

የሙሽራው ስልክ ጠራ፤ ፓስተሩ ናቸው። ወዲያው ደግሞ እናቱ ደወሉ። ሙሽራው ላቡን ጠርጎ ወደ አባቴ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ ጨመር ብናደርግ? ሰው እየጠበቀን ነው።»

አባቴ ዞሮ በደንብ አየው። «ልጄ፣ አዲስ ነገር ላይ ዛሬ የሠራኸውን ሃያ ዓመት ሙሉ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ አመሏን ልመድ። ከዚያ በኋላ ትችልሃለች።»

ሙሽራውን በመስታወቱ አየሁት፤ አንዴ ዳሽቦርዱን ያያል፣ አንዴ ሙሽራዋን ያያል፤ ስለ የትኛዋ እንደተነገረው አልገባውም። ያን ጊዜ ሙሽራዋ መሀረቡ ውስጥ ሳቋ አመለጣት። አንዴ ካመለጣት አልቆም አላት፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«ስለ መኪናዋ ነው እኮ የሚሉህ» አለችው።

አባቴ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባውም። ሙሽራዋ ግን እንባዋን ጠርጋ ለምን ከፍ ዝቅ እንደምንል ጠየቀችው። እሱም አንድ እጁን ጨብጦ፣ የሌላውን እጁን ጣት በጭብጡ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረገ ፒስተን ማለት ምን እንደሆነ አስረዳት። ቱላ ልንገባ ስንል «ልቀቂ» የምትለኝ እሷ ሆነች፤ አባቴም ሁለት ጊዜ ልክ ነሽ አላት።

አርባ ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። መዘምራኑ ያላቸውን መዝሙር ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረዋል። የሙሽራው እናት በር ላይ ቆመው ነበር፤ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ልጅቷ ሳትወድ ነው ወይ የመጣችው ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ገና ሳልመልስላቸው ሙሽራዋ ኩሏ እንደወረደ እየሳቀች ከመኪናው ወጣችና የባሰ ግራ ገባቸው።

አባቴ ጥፋቱ በሙሽሮቹ ላይ እንዲያርፍ አልፈለገም። ቀጥ ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደና ያዘገየኋችሁ እኔ ነኝ ብሎ ስለ ሞተሩ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳ ጀመር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግነቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። አዲስ ሞተር አስተክለው በመጀመሪያው ቀን የሰፈሩን እህል ሁሉ ያስፈጩበትና በዓመቱ የቀበሩት ሰው ኖረዋል። ለሙሽራው እናት በሲዳምኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሯቸው፤ እሳቸውም ሳቁና የሙሽራዋን ጉንጭ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። ሰርጉ ካለቀ በኋላም አባቴና ባለ ወፍጮው ኮፈኑን ከፍተው ሲያወሩ አገኘኋቸው፤ አበባው እንዳይነካ ብለው ሪባኑን ጎን ላይ አስረውታል።

ሺሁ ኪሎ ሜትር የሞላው ከሰርጉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዘይት አስቀየርን። አባቴ የወጣውን ዘይት በሁለት ጣቱ እያሸ ብርሃን ላይ አይቶ ደህና ነው አለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጥተን ቀጥ ያለና ጭር ያለ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ በይ አሁን እንደፈለግሽ አለኝ።

ሰባ ገባሁ። ሰማንያ። የሞተሩ ድምፅ እንኳ አልተለወጠም። ዘጠና ስደርስ ዞር ብዬ ሳየው አባቴ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ፣ በሌላው ቀበቶውን ጨብጧል፤ ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

«ምነው አባዬ፣ ደህና ያልሆነ ድምፅ ሰማህ እንዴ?» አልኩት።

«አይ» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ ከሰባ አልፌ አላውቅም። ጭነት ይዞ ማን ይበራል?»

እግሬን አነሳሁለት። ቀስ እያልን ሄደን ለእናቴ እሸት በቆሎ ገዛንና፣ እሱ በየዳገቱ የትኛውን ማርሽ ያስገባ እንደነበር እያወራልኝ ተመለስን።