የኦናው ጎመን

ባለፈው ሰሞን ሰቆጣ ላይ ለአዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ስለ ጓሮ አትክልት እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ወጣቱ አስተባባሪ «እትዬ፣ ጥሩ አፈር በምን ይታወቃል?» ብሎ እፍኝ አፈር መዳፌ ላይ አኖረልኝ። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። በመልስ ፈንታ አፈሩን ወደ መሬት መለስኩት፤ ሰልጣኞቹ የረሳሁ መስሏቸው ሳቁ።

እኔም ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ እዚሁ ሰቆጣ ሦስት ሳምንት ሰልጥኜ ነበር። መደብ ማውጣት፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ችግኝ ማዛወር። በሦስት ሳምንት ገበሬ የሆንኩ መሰለኝ፤ ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው ፊት ቆሞ ማስተማር ምንም አልከበደኝም።

የተመደብኩት ከሰቆጣ ወዲያ፣ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ ነው። እስከ ወረዳው ከተማ ጽጽቃ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር። መስከረም ሊያልቅ ነበር፤ ማሽላው ሰው ይሰውራል፤ ከማሽላው ወዲያ ያለው ሁሉ ድንጋይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ግን ሰው የለቀቀው የቤት ፍራሽ፣ ኦና፣ አገኘሁ። አፈሩ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ። «ሠርቶ ማሳያውን እዚህ እናድርገው» አልኳቸው የመንደሩን ሴቶች። እርስ በርስ ተያዩ። «እንዳልሽ፣ እንግዳችን» አለች አንዷ።

ጥቅምት ላይ ጎመን ተከልኩ። ሴቶቹ ከትምህርቱ አንድም ቀን አልቀሩም፤ የሚሰሙኝ ግን ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ቆመው ነው። እኔ ዓይን አፋርነት ነው ብዬ ተውኩት። ሌላም ነገር ነበር። መደቡ ያልደረሰበት አንድ ጥግ፣ ከወደቀው በር አጠገብ፣ እሑድ ሰኞ ሳይል በየጠዋቱ ርሶ አገኘዋለሁ። ውኃ የሚቀዳው ከሩቅ ገደል ሥር ስለሆነ ጠብታ የሚያባክን ሰው የለም። ማን እንዳጠጣው ስጠይቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ጠዋት ወደዚያ ስሄድ አንዳች ነገር ይወረኝ ጀመር።

ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪዬ ከሰቆጣ ሊመጣ ሆነ። ሥራዬን ካልወደደው ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። መደቡን ላሰፋ ብዬ በቀትር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያንን ጥግ በዶማ መታሁት። ከአጥሩ ውጭ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ቁጭ አሉ። ወፍ እንኳ አልተሰማም። ዞር ስል እማ ትብለጽ የሚባሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አሮጊት፣ በቅል ውኃ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ኮቴያቸውን አልሰማሁም።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። «ተኝተዋል።»

ዶማውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «እነማን ናቸው እማ?»

«ልጆቼ። በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ነው ያለቁ። የመጀመሪያዋን ቤተ ክርስቲያን አድርሻታለሁ፤ ያኔ ጉልበት ነበረኝ። ሦስቱን ግን እዚሁ ደጄ ላይ ነው የቀበርኳቸው። ውኃ፣ ውኃ እንዳሉ ሄዱ። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ።»

«ለዚህ ነው በየቀኑ የሚያጠጧቸው?»

ቅሉን አዩት። «እኔማ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምመጣ። ለሌላው ቀን ጉልበት የለኝ።»

ሴቶቹ ለምን አጥሩን እንደማያልፉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ጎረቤት ለጎረቤቱ መቃብር ለመቆፈር አቅም አልነበረውም። መንደሩ ሁሉ በዚህ ስለሚያፍር ማንም አያነሳውም፤ እንግዳን እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ጎመኑን ነቅዬ ልጥለው አልኩ። እማ ትብለጽ ግን «ለተዝካራቸው ይሁን» አሉ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፤ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩን አልፈው ገቡ፤ ጎመኑን ሠርተው በማሽላ እንጀራ አቀረቡ። በማግስቱ ጥጉን ነካሁት። ደርቋል። በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መጥቶ ባዶ መደብ አየና ወደ ቤቴ ሰደደኝ።

በሌላ ዓመት እንደገና ተመዝግቤ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጓሮ አስቆፍሬአለሁ። ዶማ ሳላነሳ በፊት እዚህ ማን ይኖር ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። በሌሎቹ ቀናት ማን ያጠጣ እንደነበር ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ለሰልጣኞቼ የማልነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ በተዝካሩ ዕለት እኔም ቀርቤ በልቻለሁ። እንዲያ የጣፈጠ ጎመን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልቀመስኩም። ሳስበው ያስፈራኛል፤ ደግሞም ያምረኛል።