ለአራታችን አንድ መርፌ

መጀመሪያ ያስጠላኝ ሻሂ ነው። ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ ሽታው አንገሸገሸኝ። እኔ ደግሞ ያለ ሻሂ ሰው አይደለሁም። ቀጥሎ ሽንቴ እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ። አንድ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ ግድግዳውን የሸፈነው ብርሃን ማር መስሎኝ ፈዝዤ ሳለሁ፣ አጠገቤ የነበረች ሴት «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ዓይንሽ ምነው እንዲህ ቢጫ ሆነ?» አለችኝ።

እናቴ አንዴ አይታኝ ፈረደች፤ የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ በላይሽ አልፋለች አለች። ጎረቤቱም አጸደቀላት። የነጻነት ሰሞን ነው፤ ልጁ ከትግል ሜዳ የተመለሰለት ሁሉ ይደግሳል፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ነው፣ ደጅ አምሽተን ስንጨፍር ወፍ ባታልፍብን ነበር የሚገርመው። መራራ ቅጠል ጨምቀው አጠጡኝ። ክንዴን በእሳት ሊተኩሱኝ ሲሉ ግን አሻፈረኝ አልኩ። ግትር ነኝ፤ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ከዚያ ወደቅሁ። እህል አይወርድልኝም። መቆም አልችልም። ቆዳዬ ያሳክከኛል። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ አላውቅም። ወፏ ትመጣለች። ግራጫ ናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ታርፋለች። አንገቴን ታያለች። ሞት እንዲህ ዝምተኛ ከሆነ አያስፈራም አልኩ። አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

ወንድሜ አዝሎ ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየኝ ሐኪም ከሜዳ የገባ ታጋይ ነበር፤ ነጭ ጋውን ለብሶ እግሩ ላይ ግን ያው የታጋዮች የላስቲክ ጫማ፣ ሽዳ። ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ከቀኝ ጎድኔ በታች ዳበሰኝ። ከዚያ እጁ አንገቴ ላይ ቆመ። «ይህን መቼ ተነቀስሽ?»

ለለታይ ሠርግ፣ ክረምቱ ሳይገባ አልኩት። ለታይ አብሮ አደጌ ናት። በሰፈራችን ሙሽራ አንገቷ ላይ መስቀል ስትነቀስ ሚዜዎቿም አብረው ይነቀሳሉ፤ እኛ ሕመሙን እንቀምስላታለን፣ እሷ መጨረሻ ትቀመጣለች። ጎዳይፍ ሰፈር የሚኖሩት ነቃሽ እናት፣ አደይ ምሕረት፣ ሌሎችን ሲነቅሱባቸው የኖሩትን በክር የታሰሩ መርፌዎቻቸውን ጥላሸት ውስጥ እየነከሩ አራታችንንም በዚያው ወጉን። ይቀይሩልን ያለ አልነበረም። አንድ መርፌ የነካን እህትማማች ሆንን ብለን እንዲያውም ኮራን።

«ወፍ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ሄፓታይተስ ቢ ነው። በደም ይተላለፋል፣ የሚያጠቃው ጉበትን ነው።»

ለታይ ትዝ አለችኝ። አርግዛ ነበር። ወደ ሕፃኑም ይሄዳል ወይ አልኩት።

«እወ፣ ሊሄድ ይችላል። ሁሉንም አምጫቸው።»

አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ስለ ራሴ አላለቀስኩም ነበር።

ሦስቱም ደማቸውን ሰጡ። ለታይ ውጤቱን የጠበቀችው ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነው፤ እኔም ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ነጻ ናቸው ተባለ። ቆይቶ በድጋሚ ታየ፤ ነጻ ናቸው።

እኔን የሚያድን መድኃኒት አልነበረም፤ እረፍት፣ ምግብ፣ ትዕግሥት ብቻ። ቀስ እያልኩ ከበረንዳው እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ፎርቶ ኮረብታ መውጫ መራመድ ጀመርኩ፣ ብርሃኑም ፊቴ ላይ ሲያርፍ እንደገና የሰው ብርሃን ሆነልኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ የሻሂው ሽታ አማረኝና ሁለት ብርጭቆ በላይ በላዩ ጠጣሁ። መስቀሉ ግን አብጦ ቀረ። ሐኪሙ ኬሎይድ ይባላል፣ ብታስቆርጪው ብሶ ይበቅላል፣ ላጥፋው ብለሽም አሲድ እንዳታስነኪው አለኝ። ሲሞቅ ዛሬም ያሳክከኛል።

ስድን አደይ ምሕረት ዘንድ ሄድኩ። እንዳይከፋቸው እየፈራሁ ሁሉን ነገርኳቸው። መርፌዎቹን ከመሐረባቸው ፈትተው ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ስንቱን ልጅ ወግቼ ይሆን?» አሉኝ።

እጃቸውን ያዝኩ። መርፌዎቹን ወስደው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሏቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንንም አልነቀሱም።

አንቺም ንቅሳት ካማረሽ መርፌው አዲስ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ነቃሿ እናትሽ ብትሆን እንኳ አትፈሪ። ዓይንሽ ቢጫ ቢሆን ወፍ አትጠብቂ፣ ደምሽን አስመርምሪ። ቁስሉ ካበጠ ለሐኪም አሳዪው። ያንን ባለ ሽዳ ሐኪም የቐንየለይ ብዬ አመሰግነዋለሁ፣ የትም ይሁን።

ለታይ ሴት ልጅ ወለደች። ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋ ሠርጓ ደረሰ፤ አንገቷ ንጹሕ ነው። ባየኋት ቁጥር እዚያው ላይ ነው የምስማት።